ደረቅ መጥረጊያ

ኮሎራዶ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ያሉ የኪራይ ጎጆዎችን እናጸዳለን። በበረዶው ወራት ተዘግተው ይከርሙና ግንቦት ላይ ይከፈታሉ። አንድ ዓመት በረዶውም ዝናቡም ከልክ ያለፈ ነበር። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ጎጆ ከፍቶ ሲገባ፣ አልጋው ሥር የተበጣጠሰ ጥጥና የሩዝ ፍሬ የሚያክል ጥቁር የአይጥ ኩስ ተበትኖ አገኘ። «ጋሼ፣ ይቺን እኔው ቶሎ ልጥረጋት» ብሎ መጥረጊያውን አነሣ።

«አቁም! ውጣ ከዚያ!» አለቃችን ከበሩ ላይ ጮኹ። እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

አለቃችን ናቫሆ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለዱ ሴት ናቸው፤ ያደጉት ኒው ሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያ አካባቢ ጤነኛ ወጣቶች እንደ ጉንፋን ይጀምራቸውና በቀናት ውስጥ ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ይሞቱ ጀመር። አንድ ሯጭ ወጣት ወደ እጮኛው ቀብር ሲሄድ መንገድ ላይ መተንፈስ አቅቶት ሞተ። ገዳዩ ሆዷ ነጭ የሆነ የዱር አይጥ የምትሸከመው ሀንታ ቫይረስ ነበር።

እኔን ያስደነቀኝ የአየሩ ነገር ነው። ለዓመታት ድርቅ ቆይቶ ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚመጣው የአየር ለውጥ) በረዶና ዝናብ በገፍ ሲያወርድ ሣሩ ተነሣ፣ የፒንዮን ጥድ አፈራ፣ አይጧም ጠግባ ተራባች፤ በአንድ ዓመት 10 እጥፍ ያህል በዛች። የናቫሆ ሽማግሌዎች ይህን ከድሮ ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ1918 እና በ1933ም እንዲሁ ፍሬው በዝቶ፣ አይጡ በዝቶ፣ በሽታ እንደተከተለ ለተመራማሪዎች ነግረዋል። እርግጥ ዝናባማ ዓመት ሁሉ በሽታ አያመጣም። አለቃችን ግን የዚያን ዓመት በረዶ አይተው በረኪናና ጓንት አስቀድመው አዝዘው ነበር፤ የሚደነቅ ጥንቃቄ ነው።

በርና መስኮቱን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ውጭ ቆየን። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠን ኩሱ እስኪርስ ረጨንበት፤ 5 ደቂቃ ጠብቀን በወረቀት ፎጣ ለቀምነው። በደረቁ ሲጠረግ አቧራው ይነሣና ቫይረሱ በትንፋሽ ይገባል፤ ቫኪዩምም ያው ነው። ከታመሙት ከሦስት ሰው አንዱን ያህል ይገድላል።

ምልክቱ እስከ 8 ሳምንት ሊዘገይ ስለሚችል፣ ልጁ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከተሰማው «አይጥ የነበረበት ቤት አጽድቻለሁ» ብሎ ለሐኪም እንዲናገር አለቃችን አስጠነቀቁት። ካልተነገራቸው ጉንፋን ነው ብለው ሊመልሱት ይችላሉና፣ በእንግሊዝኛ ስልኩ ላይ ጻፍኩለት።