የእጅና የእግር ነርቮችን በገዛ ቆዳዬ ላይ እንዴት አጠናኋቸው

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ሳለሁ የእጅና የእግር ነርቮችን ሰንጠረዥ እንደ ውኃ ጠጥቼው ነበር። ከህብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች እንደሚወጡ፣ ከአንገት አምስተኛው እስከ ደረት አንደኛው ያሉት ተጠላልፈው ብራኪያል ፕሌክሰስ የሚባለውን መረብ እንደሚሠሩ፣ ከመረቡም አምስቱ ዋና ዋና የእጅ ነርቮች እንደሚለያዩ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እንኳ ሳላዛንፍ እናገር ነበር። በቃል ፈተናው ቀን መምህሬ ከዚህ አንዱንም አልጠየቁኝም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ ሰጡኝና፣ «የአልናር ነርቭ የሚሰማበትን ቆዳ እዚህ ላይ ክበበው» አሉኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። የሥሮቹን ቁጥር አውቃለሁ፤ ነርቩ የትኛው ጣት ላይ እንደሚያልቅ ግን አላውቅም። «የምታውቀው ስሙን ነው፤ ነርቩን ገና አልተዋወቅኸውም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይበልጥ የከነከነኝም ለዚያ ነው።

ያን ማታ ሰንጠረዡን አጥፌ የገዛ ክንዴን ማንበብ ጀመርሁ። በአልናር የጀመርሁት በእጅ ስለሚዳሰስ ነው። ክርኔን አጥፌ፣ በውስጥ በኩል ካለው የአጥንት ጉብታ ኋላ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቴ ጫፍ ፈለግሁት። ቀጭን ገመድ የመሰለ ነገር ከጣቴ ሥር ተንሸራተተ። ጫን ስለው ንዝረቱ በክንዴ የውስጥ ጎን ወርዶ ትንሿ ጣቴና ከጎኗ ያለው የቀለበት ጣቴ ግማሽ ላይ ቆመ። መምህሬ የጠየቁኝን መስመር ነርቩ ራሱ አሳየኝ፤ እኔ በላዩ ላይ እስክሪብቶውን ብቻ አስኬድሁ። ክርናችን ጠርዝ ሲመታው ኤሌክትሪክ እንደ ያዘን የሚነዝረንም ይኸው ነርቭ ነው።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ነርቭ ሦስት ጥያቄ አቀርብ ጀመር፦ በየት ታልፋለህ? ምን ታንቀሳቅሳለህ? የማን ቆዳ ባለቤት ነህ? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ነርቭ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አጥንት ተደግፎ ወይም በጠባብ መንገድ በሚያልፍበት ቦታ ነውና። ራዲያል ነርቭ የላይኛውን የክንድ አጥንት ከኋላ ተጠምጥሞ ይወርዳል፤ ስለዚህ ያ አጥንት ሲሰበር አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ሥራው ክርንን፣ የእጅ አንጓንና ጣቶችን መዘርጋት ነው። ሲጎዳ እጅ ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መጽሐፉ ላይ የጭብጥ ኃይልም ይዳከማል የሚለው ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ ጣቶችን የሚያጥፉት ሚዲያንና አልናር የሚባሉት ነርቮች ናቸውና። አንድ ቀን አንጓዬን ወደ ታች ቆልምሜ ጡጫ ለመጨበጥ ሞከርሁ። አልጠብቅ አለኝ። አንጓው ቀና ብሎ ካልቆመ ጣቶቹን የሚያጥፉት ጅማቶች ይላላሉ፤ ይህን አንዴ በእጄ ካየሁ በኋላ ዳግም አልረሳሁትም።

ሚዲያን ከዘጠኝ ጅማቶች ጋር ካርፓል ተነል በሚባለው የአንጓ ዋሻ ውስጥ ተጨናንቆ ያልፋል። በዋሻው ውስጥ ሲጫን አውራ ጣት፣ ጠቋሚው፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ሰውየውም ሌሊት ነቅቶ እጁን ያራግፋል። አውራ ጣትን ከትንሿ ጣት ጋር ፊት ለፊት ለማገናኘትም እሱ ያስፈልጋል። የቀሩት ሁለቱ ታሪካቸው አጭር ነው፦ አግዚለሪ ክንድን ወደ ጎን ያነሣል፣ መስኩሎኩቴኒየስ ክርንን ያጥፋል።

እግር ላይ ፌሞራል ጉልበትን ይዘረጋል፣ ኦብቹሬተር ጭኖችን ያቀራርባል። ትልቁ ሳያቲክ ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ኋላ ይወርድና ብዙውን ጊዜ ከጉልበት ከፍ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ቲቢያል ወደ ባት ወርዶ በጣታችን ጫፍ እንድንቆም ያደርገናል፤ የውስጥ እግር ስሜትም በአብዛኛው የእሱ ነው። ፔሮኒያል ግን ከጉልበት በታች በውጭ በኩል በቀጭኑ አጥንት አንገት ላይ ይጠመዘዛል፤ እዚያ ከቆዳ በቀር የሚከልለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እግርን አነባብሮ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ሊጎዳው ይችላል። ያን ጊዜ የእግር ጫፍ ወደ ላይ አልነሣ ይላል፤ ሰው ሲራመድ መሬት ለመሬት ይጎትተዋል።

እኔንም ያሳሳተኝ ይህ ነርቭ ነው። በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ አንዲት በዕድሜ የገፉ ታካሚ የእግራቸው ጫፍ አልነሣ ብሏቸው መጡ። ፔሮኒያል ነው ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍሁ። አንድ ነባር ባልደረባዬ ማስታወሻዬን አንብቦ ወደ ታካሚዋ ዞረና፣ «እናቴ፣ እስቲ ውስጥ እግርዎን ወደ ሌላኛው እግር ያዙሩልኝ» አላቸው። አቃታቸው። በጎናቸው አስተኝቶ ጭናቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡ ጠየቃቸው፤ እሱም ደካማ ነበር። የመጀመሪያው የቲቢያል ሥራ ነው፤ ሁለተኛው መቀመጫ ላይ ያለ የሌላ ነርቭ። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ከህብለ ሰረሰር የሚወጣው የወገብ አምስተኛው የነርቭ ሥር ነው። ችግሩ ጉልበት ላይ ሳይሆን ወገብ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወገባቸውን ያምማቸው እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ የደከመውን ጡንቻ ብቻ መርምሬ አላቆምም። ጉዳቱ ከተጠረጠረበት ቦታ በላይ ከነርቩ ቅርንጫፍ የሚያገኙትን ጡንቻዎች፣ የጎረቤት ነርቭ የሚያዝዛቸውንም አያለሁ። አልናር ላይም እንዲሁ ነው፦ ለእጅ ጀርባ ስሜት የሚሰጠው ቅርንጫፉ ከአንጓ በላይ ስለሚለይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው የእጅ ጀርባ ከደነዘዘ ጉዳቱን አንጓው ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

አሁን የክንዱ አጥንት ተሰብሮ ራዲያል ነርቩ የተጎዳ አንድ ወጣት እከታተላለሁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴደን በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ የዚህ ልጅ መካከለኛው ነው፦ የነርቩ ክሮች ተበጥሰዋል፣ ሽፋናቸው ግን አልተቆረጠም። ክሮቹ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እየታገሉ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ ያድጋሉ። በየወሩ ከአንጓው ወደ ላይ በጣቴ ጫፍ መታ መታ እያደረግሁ እወጣለሁ፤ «እዚህ ጋ ነዘረኝ» ባለበት፣ ማለትም ክሮቹ አድገው በደረሱበት ቦታ ነጥብ አድርጌ ከክርኑ ጉብታ ያለውን ርቀት በሜትር እለካለሁ። በመጀመሪያ የተመለሰው ክርን ሲታጠፍ በአውራ ጣት በኩል ጉብ የሚለው ጡንቻ ነው፤ ከዓይን በፊት በጣት ይታወቃል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንጓውን ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ጣት ያህል አነሣና ትንፋሹን ውጦ ያዘው። አዲሱን ነጥብ ከክርኑ በታች አደረግሁለት። ጣቶቹ ገና አልተዘረጉም።