ተበዳዩን ስንመረምር ከረምን

የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ላይ ስንሠራ አንድ ማሽን እየቆየ ይወድቅብን ነበር። መውደቁ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የሚወድቅበት ቦታ በየጊዜው ይለያያል። አንዴ ፋይል ሲስተሙ ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ከኔትወርክ ጋር ምንም የማይገናኝ ኮድ ውስጥ። ሁሉም የወደቀበትን ኮድ ይዞ ያገላብጣል። ራሙን ቀየርን፤ ለውጥ የለም።

ሜሞሪ ሲበላሽ የሚወድቀው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ተበዳዩ ነው። አጥፊው ጽፎ ከሄደ ቆይቷል።

ከዚያ ካሳን (KASAN) የሚባለውን የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ መመርመሪያ አበራን። ከ2015 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። የተለቀቀ ሜሞሪ የሚነካን ኮድ እጅ ከፍንጅ ይይዛል። እሱ ግን ምንም ሳይል ማሽኑ ወደቀ። ብዙዎቻችን ተስፋ ቆረጥን። ለእኔ ግን ዝምታው ትልቅ መረጃ ነበር። ካሳን የሚያየው በፕሮሰሰሩ ላይ የሚሮጠው ኮድ የሚያደርገውን ነው። ካርዱ በዲኤምኤ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ሳያልፍ፣ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ ሲጽፍ አያየውም።

ነገሩን የፈታችው አንዲት ባልደረባችን ናት። የወደቀውን ኮድ ትታ የተበላሸውን ሜሞሪ ባይት በባይት ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ስድስት ባይቶች፣ ሁሉም 255። ቀጥሎ ሌሎች ስድስት። ከዚያ 08 06። ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም፤ በኔትወርኩ ላሉ ማሽኖች ሁሉ የተላከ የኤአርፒ (አንድ የአይፒ አድራሻ የየትኛው ማሽን እንደሆነ የሚጠየቅበት) ፓኬት ነው! መሀል ላይ ያሉት ስድስቱ የላኪው ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ናቸው። ስንፈልገው እዚያው ኔትወርካችን ላይ ያለ ማሽን ሆኖ ተገኘ። ፓኬቱን እዚያ ያስቀመጠው የራሳችን ካርድ ነበር ማለት ነው።

አይኦኤምኤምዩን (እንደ ካርዱ ያሉ መሣሪያዎች የትኛውን ሜሞሪ መንካት እንደሚችሉ የሚቆጣጠረውን ሃርድዌር) በጥብቅ ሁነታ ስናበራ ጥርጣሬያችን ተረጋገጠ። ካርዱ የማይፈቀድለት አድራሻ ላይ ሊጽፍ ሲል ታገደ፤ ሎጉም ላይ የካርዱ መለያ ወጣ።

ስህተቱ ያለው ኢንተርፌሱ ሲዘጋ ነው። ድራይቨሩ «መቀበል አቁም» የሚለውን ትእዛዝ የካርዱ ሬጅስተር (ትእዛዝ የሚቀበልበት ቦታ) ላይ ይጽፍና ወዲያው በፈሮቹን፣ ማለትም ካርዱ የመጡ ፓኬቶችን የሚያስቀምጥባቸውን የሜሞሪ ቦታዎች፣ ይለቃል። ካርዱን ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኘው መስመር፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚላከው መልስ ሳይጠበቅ ነው። ትእዛዙ ገና መንገድ ላይ ሳለ በፈሩ ለሌላ ተሰጥቷል። በዚያች ቅጽበት ፓኬት ከመጣ ካርዱ የሚያውቀው አድራሻ ላይ ይጽፈዋል። እኛ ጋ ዳፋው ለፋይል ሲስተሙ ሁሉ ተረፈ።

ማስተካከያው ጥቂት መስመር ኮድ ነው። አሁን ድራይቨሩ ትእዛዙን ከጻፈ በኋላ ሬጅስተሩን መልሶ ያነባል፤ ንባቡ ከፊቱ ያለውን ጽሑፍ ገፍቶ ያደርሰዋል። ካርዱ ቆሜያለሁ እስኪል ይጠብቃል። በፈሩን የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው።