ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ውሃ ውስጥ መመዘን፦ የኦፓል ዴንሲቲ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ! በመጨረሻ ቁጥሩ ቆመልኝ። የደላንታ ኦፓሌን (ወሎ ውስጥ የሚወጣ የከበረ ድንጋይ ነው) በክር ውሃ ውስጥ አንጠልጥዬ ሚዛኑ 1.11 ግራም አለ፣ ጠበቅኩት፣ አሁንም 1.11። ለማታውቁት ይሄ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፣ እኔ ግን ሰፈር ሁሉ ይሰማልኝ ነው ያልኩት።

ለአዲሶች ቶሎ ልበልና ልለፈው። ድንጋይን በመልኩ ብቻ መለየት ስለሚያሳስት ዴንሲቲውን (አንድ ሲሲው ስንት ግራም እንደሚመዝን) መለካት ጀመርኩ። ኳርትዝ 2.65 ነው፣ ኤመራልድ 2.7 አካባቢ፣ ሳፋየር 4.0፣ ተራ ብርጭቆ 2.5 ዙሪያ ይዞራል፣ ኦፓል ደግሞ 2 ገደማና ከዛ በታች። ስለዚህ ሰማያዊ ብርጭቆ ሳፋየር ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አንድ ክርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ያጋልጠዋል። የሻኪሶ ኤመራልድን ከአረንጓዴ ብርጭቆ መለየት ግን ቁጥሮቹ ስለሚቀራረቡ ትልቅ ድንጋይ ካልሆነ አትድከሙ።

አለካኩ፦ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት ዓይነት 0.01 ግራም የምታነብ የኪስ ሚዛን፣ ውሃ ያለበት ብርጭቆ፣ ቀጭን ናይለን ክር፣ ክሩን የሚይዝ የታጠፈ ሽቦ (ሽቦው ጠረጴዛው ላይ ይቁም እንጂ ሚዛኑን አይንካ)። መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን ትመዝናላችሁ። ከዛ ብርጭቆውን ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ዜሮ ታደርጉና ድንጋዩን ታንጠለጥላላችሁ። ውሃው ድንጋዩን ወደ ላይ ሲገፋው ድንጋዩም ውሃውን በዛው ልክ ወደ ታች ስለሚገፋው ሚዛኑ ላይ የሚመጣው ቁጥር ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው፣ የአንድ ሲሲ ውሃ ክብደት አንድ ግራም ገደማ ስለሆነ ደግሞ ቁጥሩ በቀጥታ የድንጋዩ መጠን (ቮልዩም) ሆነ ማለት ነው። ደረቁን ለዚህ ማካፈል፣ አለቀ። በ20 ዲግሪ ውሃ 0.998 ነው፣ ለእኛ ሚዛን ምንም ለውጥ የለውም፣ በሱ አትጨቃጨቁ።

ድንጋዩ የብርጭቆውን ቂጥ ከነካ ግን የራሱም ክብደት ስለሚጨመር ቁጥሩ እርባና የለውም። አረፋም እንደዛው፣ የተጣበቀች አረፋ የድንጋዩን መጠን ታሳብጣለች፣ ስለዚህ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ እጠቀምና ለኳርትዝ ለምናምን አንድ ጠብታ ላርጎ አደርግበታለሁ። ኦፓል ላይ ላርጎ በፍጹም! ለምን እንደሆነ ይመጣል።

በነገራችን ላይ በመስመር በተለካ ሲሊንደር ውስጥ ድንጋይ ጥሎ ውሃው ስንት ከፍ አለ የሚለውን የትምህርት ቤት ዘዴ ለትንሽ ድንጋይ እርሱት። የሁለት ግራም ኦፓል ውሃውን የሚያነሳው በአንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ያንን በዓይን ማንበብ ልኬት ሳይሆን ግምት ነው። ሰው ለምን እንደሚወደው አይገባኝም።

እና ሁሉም ድንጋይ እሺ ሲል ኦፓሉ አስቸገረኝ። ከዛው ከደላንታ፣ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል (እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው ገበያውን ያጥለቀለቀው) አብዛኛው ሃይድሮፌን የሚሉት ዓይነት ነው፣ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው፣ እንጀራ ወጥ እንደሚጠጣ ውሃ ይጠጣል። የኔው ደረቁን ልክ 2.00 ግራም ነው፣ ማለትም 10 ካራት። ስሰቅለው ቁጥሩ 1.10 ምናምን ላይ ይጀምርና መውረድ ነው፣ 1.05፣ 1.00፣ 0.95... በዛ ላይ ሚዛኗ ዝም ብለው ሲያዩዋት ራሷን ታጠፋለች፣ ዜሮው ይጠፋል፣ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር። ድንጋዩ ደግሞ ወተት የመሰለው ቀስ እያለ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፣ ያ ሁሉ ቀለም ድብዝዝ ይላል፣ ሲያዩት ያምራል ግን ስንት ነው ዴንሲቲው? የቱን ቁጥር ልውሰድ?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቀዳዳውን ብቻ ነበር። ከዛ ድንጋዩን አውጥቼ ውሃውን ብቻውን ሚዛኑ ላይ ተውኩት፣ እሱም ይወርዳል! በአፈ ሰፊ ብርጭቆ ውሃው እየተነነ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ከድንጋዩ ጉዳይ ጋር የሚወዳደር ግራም ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ባንዴ ነው ቁጥሩን የሚጎትተው። ለትነቱ ወደ አረቄ መለኪያ ዞርኩ፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ ትነቱ በጣም ቀነሰ፣ የቀረውንም ከሂሳቡ አወጣሁት፣ ያኔ ኦፓሉ 0.93 ላይ ሲደርስ ቆመ።

አሁን ዋናው ነገር። ውሃ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ከብርጭቆው አልወጣም፣ ታዲያ ሚዛኑ ለምን ይቀንሳል? ያ ውሃ አሁን የድንጋዩ አካል ሆኗል፣ የሚሸከመው ሚዛኑ ሳይሆን ክሩ ነው። ይሄ ሲገባኝ መፍትሄው ቀላል ሆነ፣ ድንጋዩ ከሚዛኑ ብርጭቆ እንዳይጠጣ ሌላ ቦታ አጠጥቶ ማምጣት። ሌላ ብርጭቆ ውስጥ በንጹህ ውሃ አሳድሩት፣ አውጥታችሁ ላዩን ብቻ በጨርቅ እያደረቃችሁ መዝኑት፣ ክብደቱ መጨመር እስኪያቆም። የኔው 2.18 ላይ አቆመ። ከዛ አንጠልጥሉት፦ 1.11፣ ንቅንቅ የለም።

ከዚህ ሁሉን ማግኘት ይቻላል። ደረቁ 2.00 ለ1.11 ሲካፈል 1.80፣ ይሄ እውነተኛው የደረቅ ኦፓል ነው። የጠገበው 2.18 ለ1.11፣ 1.96። የቅድሙ 0.93 ደግሞ 2.15 ይሰጣል፣ እሱም ውሸት አይደለም፣ ቀዳዳውን ሳይጨምር የራሱ የድንጋዩ አካል ነው። አንድ ድንጋይ፣ ሦስት ዴንሲቲ። ስለዚህ «ኦፓሌ 2.1 ነው፣ ፌክ ይሆን?» የምትሉ ሰዎች፣ መጀመሪያ እንዴት እንደለካችሁ ንገሩን።

እዚህ ጋ ያልተጠየቅኩትን ልናገር፣ በግራም የሚሸጥ ጥሬ ኦፓል ከውሃ ወጥቶ ሲመዘንላችሁ አትግዙ። እኔ 2.00 ግራም ድንጋይ ላይ 0.18 ውሃ ነው ያገኘሁት፣ ዘጠኝ ፐርሰንት፣ ያንን በኦፓል ዋጋ ነው የምትከፍሉት። ውሃ ውስጥ ማስቀመጡ ስንጥቅ ለማየት ይጠቅማል የሚሉ አሉ፣ ይሁን፣ ማየቱን በውሃ እዩ፣ ምዘናው ግን ደርቆ ይሁን። በዴንሲቲ የማይያዝም ማጭበርበር አለ፣ በጭስ የጠቆረ ኦፓል ለሚዛን ያው ኦፓል ነው።

ላርጎውን የከለከልኩት ለዚሁ ነው፣ ውሃ የሚጠጣ ሳሙናም ይጠጣል፣ ዘይትም ቀለምም እንደዛው። ስታደርቁት ጥላ ቦታ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀናት ይፈጃል። ፀሐይ ላይ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ላይ እንዳታስቡት፣ ይሰነጠቃል። የኔው አሁን ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥርት ያለ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ነው፣ እንዳልነካው ራሴን እየያዝኩ ነው።

ያልፈታሁት ትናንሽ ድንጋዮችን ነው። ግማሽ ግራም ሳፋየር የሚገፋው ውሃ 0.125 ግራም ነው፣ ሚዛኗ በ0.01 ስትሳሳት ውጤቱ 8 ፐርሰንት ይዋዥቃል፣ 4.0 ነው ወይስ 3.7 ማለት አልችልም። 0.001 የምታነብ ሚዛን ያላችሁ፣ ክሩ ውሃውን የሚነካበት ቦታ ላይ የውሃው ላይኛ ገጽ ክሩን ሲጎትት ቁጥሩ አይጨፍርባችሁም? ንፋሱንስ በምን ነው የምትከላከሉት? እስካሁን ካርቶን ነው የማደርገው፣ በሩ ሲከፈት ግን ምንም አይረዳም።