ቀበርቾ ምን ያህል ቀረ? በመስፈርት ስሞክረው ያየሁት

በቀበርቾ ጭስ ያልታጠነ ቤት ጎጃም ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። አራስ ቤት ይጨሳል፣ ለጉንፋን ይታጠኑታል፣ እባብም ያርቃል ይባላል። የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የሚፈለገው ደግሞ ሥሩ ነው፤ ሥሩ ሲነቀል ተክሉም አብሮ ይሄዳል። ዳንግላ አካባቢ “እየጠፋ ነው” ሲባል ስሰማ አንገበገበኝና ዝርያዎች ለመጥፋት ምን ያህል እንደተቃረቡ በሚመዝነው በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ መስፈርት ልፈትሸው ተነሳሁ።

መዝገቡ በፈረንጆች 1964 የተጀመረ ነው። ወሬ አይበቃውም፤ ስንት እንደቀነሰና በምን ያህል ጊዜ እንደቀነሰ ይጠይቃል። በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ማለት ነው፣ ምክንያቱ ሳይቆም 30 በመቶ የቀነሰ ዝርያ “ተጋላጭ” ይባላል። 50 ከሆነ አደጋ ላይ ነው፤ 80 ከደረሰ አደጋው የከፋ ነው። የሚገኝበት ስፋትና የቀረው ብዛትም ለየብቻ ይለካሉ።

ታዲያ ድሮ ማን ቆጠረው? “ቀንሷል ወይ?” ብሎ ሽማግሌ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም “ምን ቀረና!” ነው የሚለው። “ደርግ የወደቀ ጊዜ ከየት ነበር የምትቆፍሩት? ዛሬስ?” ስል ግን የየጋራው ስም ይወጣል። ከዚያ ከእረኞች ጋር ሄዶ ማየት ነው።

ትልቁን ነገር ያገኘሁት ገበያ ላይ ነው። አንዲት እናት ጣት የምታክል ሥር አንስተው “ይኸውልህ ልጄ፣ ድሮ እንደ ክንዴ ይወፍር ነበር። አሁን ሳያድግ ይነቅሉታል” አሉኝ። መዝገቡ የሚቆጥረው ለዘር የደረሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጋራው አረንጓዴ ቢመስልም ቁጥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

የአንድ ወረዳ ውጤት የዝርያው ደረጃ አይሆንም። ቀበርቾ የኛ ብቻ ስለሆነ ግን የአገሪቱ ደረጃና የዓለሙ ደረጃ አንድ ነው። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ እንዲህ አይደለም፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ስለሚጋሩት እያንዳንዱ የራሱን ይመዝናል።

ደረጃ መስጠት ደግሞ ቆፋሪን አያስቆምም። አሜሪካ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ለመጠበቅ በፈረንጆች 1973 ባወጣችው ሕግ ደረጃዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዝርዝሩ ውስጥ የገባውን ግን ሕጉ ራሱ ይጠብቀዋል። ቀይ መዝገቡ ይህ ሥልጣን የለውም።

አሁን በሌሎች ወረዳዎች ይህንኑ የሚጠይቁ ሰዎች እያፈላለግኩ ነው። የምትሞክሩ ካላችሁ የሥሩን ውፍረት መመዝገብ እንዳትረሱ።