ወደ ከተማ ሁለት ጊዜ ነው የገባሁት

ከገጠር መጥቼ እንዴት ከተማ ውስጥ ቦታዬን እንደያዝኩ የሚጠይቁኝ አሉ። ሁሌም የምጀምረው ከመጀመሪያው ጉዞዬ ነው። እሱ አልሆነልኝም። ዘጠኝ ሳምንት ቆይቼ፣ ከስቼ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ነገሩ የተጀመረው በሒሳብ ነው። ከተማ ሠርቶ የመጣ አንድ የመንደራችን ልጅ የቀን ሠራተኛ በቀን ስንት እንደሚከፈለው ነገረን። ማታ ተኝቼ ያንን ቁጥር በሠላሳ አባዛሁት። ውጤቱ እንቅልፍ ነሳኝ። አባቴ ዓመት ሙሉ አርሶ የሚያገኘውን እኔ በጥቂት ወር ላገኘው ነው! ሳምንት ሳይሞላ ተነስቼ ሄድኩ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ ቀረሁ። በወር ስንት ቀን ሥራ ይገኛል? በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ቀን ብቻ ሠራሁ። በቀሩት ቀናት ጠዋት ሳይት በር ላይ ቆሜ፣ ፎርማኑ ሌሎችን መርጦ ሲገባ እመለሳለሁ። ወጪው ግን ሠላሳውንም ቀን ነው። ገጠር እያለሁ ለመኝታም ለውሃም ከፍዬ አላውቅም ነበር። ከተማ ውስጥ ሁሉም በገንዘብ ነው።

ከዓመታት በኋላ የማታ ትምህርት ስማር፣ ጆን ሃሪስ እና ማይክል ቶዳሮ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1970 ይህንኑ ጉዳይ እንደጻፉበት አወቅሁ። ሰው ወደ ከተማ የሚሄደው ደመወዙን ብቻ አይቶ አይደለም ይላሉ፤ ደመወዙን ሥራ ከማግኘት ዕድሉ ጋር አባዝቶ ነው። ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም ክፍያው ከገጠሩ በብዙ ከበለጠ ጉዞው ያዋጣል። ሥራ አጥ በሞላበት ከተማ ሰው መጉረፉን የማያቆመው ለዚህ ነው። አንብቤው ደብተሩን ዘጋሁና ብዙ ቆየሁ። እኔ ዕድሉን ጭራሽ ሳላስገባ ነበር ያባዛሁት። ብዙ ወጣቶችም እንደዚሁ ያደርጋሉ ብዬ አምናለሁ። መንደር ተመልሶ የሚያወራው የቀናው ነውና። ያልቀናው ዝም ይላል።

በሁለተኛው ወር አንድ አሠሪ የሁለት ሳምንት ክፍያዬን ይዞ ጠፋ። ሙሉ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። ወዲያው ትኩሳት ያዘኝ። አራት ቀን ስተኛ የት እንዳለሁ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አምስተኛው ቀን ላይ ጃኬቴን ሸጬ አውቶብስ ተሳፈርኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች። አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን ጋ ነበር የምታድረው?»

መልስ አልነበረኝም። ከማላውቃቸው ሰባት ሰዎች ጋር መሬት ላይ ነበር የማድረው። ያ ጥያቄ ግን የሁለተኛው ጉዞዬ መሠረት ሆነ።

ለሁለተኛው ጉዞ ዓመት ከመንፈቅ ተዘጋጀሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ትልቁ ከተማ ሳይሆን ቅርባችን ያለች ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ አንድ ግንበኛ ጋ ስምንት ወር ሴራሚክ ማንጠፍ ተማርኩ። የእግር መንገድ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ቤቴ እመለስ ነበር። ኧርነስት ራቨንስታይን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1885 የብሪታንያን የሕዝብ ቆጠራ መርምሮ፣ አብዛኛው ፍልሰተኛ አጭር ርቀት ነው የሚጓዘው ብሎ ጽፎ ነበር። ከተማ አጠገብ ያሉት ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ የለቀቁትን ቦታ ከራቅ ያለ የመጡት ይሞሉታል። ሰው ወደ ከተማ እንደሚጎርፍ ሁሉ የመልስ ጎርፍም አለ ይላል። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ በመመለሴ ያን ያህል ባላፈርኩ ነበር።

ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ ጋ ደወልኩ። ከመንደራችን ቀድማ ከተማ የገባችው እሷ ናት፤ ልብስ ትሰፋለች። «ሁለት ሳምንት ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ማደር ትችላለህ፤ ከዚያ በኋላ አንችልም» አለችኝ። ቀን ቆርጣ መናገሯ ለሁለታችንም በጀን። በሁለቱ ሳምንታት ከሦስት የሴራሚክ ሠራተኞች ጋር አስተዋወቀችኝ። ዋስ ሆነችልኝ። ቤት ስከራይ ከአከራዩ ጋር የተነጋገረችው እሷ ናት።

መታወቂያዬንና የትምህርት ማስረጃዬን ይዤ ነበር። የሁለት ወር ኪራይ አጠራቅሜያለሁ። የመመለሻ ትራንስፖርቴን ለብቻ አስቀምጬ አልነካሁትም። የሠራሁበትን ቀንና የአሠሪውን ሙሉ ስም በየዕለቱ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ደብተሩን ያዩ አሠሪዎች ክፍያ አያዘገዩብኝም ነበር።

ስለ ራሴ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል። ቀድመው እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ነገር ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

የተከራየነው ቤት ከተማው ዳር ነው። አራት ሆነን አንድ ክፍል ያዝን። ሰፈሩ ለጥቂት ቤተሰብ በተዘረጋ የውሃ መስመር ነበር የሚጠቀመው፤ አሁን በየግቢው ክፍል እየተከፈለ ተከራይ ገብቷል። ወረፋው ረዘመ። አንዳንድ ነባር ነዋሪዎች «እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ» እያሉ ሲናገሩ ቅር ይለኝ ነበር። ምን አጠፋሁ? ሠርቼ ነው የምኖረው።

አንድ ቀን እኛ ክፍል ውስጥ ከእኛ በፊት የነበሩት ማን እንደሆኑ ሰማሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። እኛ አራት ሆነን ተካፍለን የምንከፍለውን ኪራይ እሳቸው ብቻቸውን መክፈል አልቻሉም። አከራዩ አስወጣቸው። ሰፈሩ ውስጥ ወደምትገኝ ጠባብ ክፍል ገብተው ነበር፤ እሷንም ሊለቁ እንደሆነ ሲነገረኝ ዕቃቸውን ለመሸከም ሄድኩ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ እርስዎ ቤት የገባሁት» አልኳቸው። መደበቅ አልፈለግሁም።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «አንተን አልጠላም። የት እንደምገባ ነው የጨነቀኝ።»

አልጋቸውን ተሸክሜ ስሄድ እያለቀስኩ ነበር። ሁለታችንም ጥፋት የለብንም። እኔ እንጀራዬን ፍለጋ መጣሁ፤ እሳቸው ቤታቸውን አጡ። በመካከላችን ሊኖር ይገባው የነበረው ቤት አልተሠራም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ሕዝብ ከተማ ይኖር የነበረው 30 በመቶ ገደማ ነበር። በ2018 ወደ 55 በመቶ ደረሰ፤ በ2050 ደግሞ 68 በመቶ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ከተማ የሚያድገው በእኛ በመጪዎቹ ብቻ አይደለም፤ እዚያው በሚወለዱ ልጆችና በሚውጣቸው አጎራባች መንደሮችም ነው። ስለዚህ «አትምጡ» ማለት መፍትሔ አይሆንም። ሰው እንደሚመጣ ይታወቃል፤ መንገዱና የውሃ መስመሩ ቀድሞ ይዘርጋ። ሰው ከሰፈረ በኋላ ቤት እያፈረሱ መስመር መዘርጋት ወጪውም ስቃዩም ብዙ ነው።

ገጠር የቀረውም ነገር እንዲሁ ቀላል አይደለም። የምልከው ገንዘብ እህቴን ትምህርት ቤት አቆይቷታል፤ በዚህ ደስ ይለኛል። አባቴም ጉልበት ይቀጥርበታል። ወጣቱ ስለሄደ የቀን ሠራተኛ ክፍያ ጨምሯል፤ መሬት ለሌላቸውና እዚያው ለቀሩት ይህ ጥሩ ሆነ። ነገር ግን ከቤት ራቅ ያለው ማሳችን ሁለት ዓመት ጦም አደረ። እናቴ ወገቧን ስትታመም የላክሁት ገንዘብ ውሃ ቀድቶ አልሰጣትም። ከዚያ በኋላ ከወንድሞቼ ጋር ተራ ያዝን። በዘርና በአጨዳ ሰሞን አንዳችን የግድ ቤት እንገኛለን። ለአሠሪዎቼም ሥራ ስቀበል ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ባለፈው ወር የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ሊመጣ ነው። የቀን ክፍያውን ሰምቶ በሠላሳ አባዝቶታል።

«በአሥራ አንድ አባዛው» አልኩት።

ስልኩ ላይ ዝም አለ። ቁጥሩን እያሰላ እንደሆነ ገባኝ።

«ትንሽ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ትንሽ ነው። እሱን ይዘህ አስብበት። ከመጣህ ግን ማን ጋ ነው የምታድረው?»

«አላውቅም።»

«እኔ ጋ ሦስት ሳምንት» አልኩት። አጨዳው ካለቀ በኋላ ያለውን ቀን መረጥንና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።