ቶነራችንን የሚጠጡት ፋክሶች

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ፍሮንት ዴስክ ነው የምሠራው። ሰው ሁሉ «እስካሁን ፋክስ አለ እንዴ?» ይለኛል። አለ! ሪፈራሉ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ፣ የመድኃኒት ማደሻው በሱ ነው የሚመጣልን።

ችግሩ ጠዋት ስገባ ትሪው ላይ ተከምሮ የሚጠብቀኝ ነው። የመርከብ ሽርሽር፣ የጣሪያ ጥገና፣ «ለንግድዎ ፈጣን ብድር»። አንዱማ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ ቶነሩን (የማተሚያውን ቀለም) ጥርግ ነው የሚያደርገው። በኛ ወረቀት፣ በኛ ቀለም የራሱን ማስታወቂያ ያትማል። ድፍረቱ! መሃል ላይ ደግሞ የአንዲት እናት የደም ምርመራ ውጤት ተሸጉጦ አገኛለሁ፤ ስለዚህ ሳላይ ጠቅልዬ መጣል አልችልም።

ሕግስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያልተጠየቀ የማስታወቂያ ፋክስ ይከለክላል። ለእያንዳንዱ 500 ዶላር መክሰስ ይቻላል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ ፍርድ ቤት እስከ 1,500 ሊያደርሰው ይችላል። ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ያላችሁ ድርጅት ግን ፋክሱን የምታስቆሙበት ቁጥር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካስቀመጠ ይፈቀድለታል። «በቃ፣ አትላኩብን» ካላችሁት ቢበዛ በ30 ቀን ማቆም አለበት።

የማውቀው ድርጅት ከሆነ ደውዬ አስቆማለሁ። ስሙን የደበቀውን ግን አልደውልለትም፤ መስመሩ ላይ ሰው እንዳለ መንገር ነው የሚሆነው። ቀኑን ጽፌበት አስቀምጥና ለኤፍሲሲ (የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን) አቤት እላለሁ።

በቅርቡ አለቃችን ፋክሱን ወደ ኢሜይል አዛወረችው። ቆሻሻው አልቀረም፤ ግን ስክሪን ላይ አይቼ እሰርዘዋለሁ።