ሜክሲኮ ቁጭ ብሎ ሜክሲኮን ማየት

ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ማታ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለችው ኳስ የምናይባት ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ቀረን፤ እኔና ጋሼ። የኳሱ ሰው ጨዋታው ሲያልቅ ወጥቷል። የሜክሲኮ ሲቲ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር በእኛ አቆጣጠር የሚጀምረው ከምሽቱ 5 ሰዓት ስለሆነ የቤቱ ልጅ ወንበሮቹን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ጋሼ "ልጄ፣ ሻይ ጨምርልንና አንተም ቁጭ በል፤ ይህቺን ሳናይ አንሄድም" አሉት። ጋቢያቸውን ለብሰው ነው የመጡት። የጥቅምትን ብርድ ታውቁታላችሁ።

ጋሼ አለቃዬ ናቸው። ልደታ ጀርባ ባለው ጋራዥ የናፍጣ ፓምፕና ኖዝል ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ እኔም ከእሳቸው ሥር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ፎርሙላ ዋንን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ሹፌሮቹ ግድ አይሰጧቸውም፤ የሚጠይቁኝ ስለ ሞተሩ ብቻ ነው። "ስንት ሲሊንደር ነው? ቱርቦው ስንት ነው የሚነፋው? ነዳጁን ማን ይለካዋል?"

የአደባባዩ ስም ያለ ነገር አልተሰጠም። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ በሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። እኔን ግን ሁለቱን ከተሞች የሚያዛምድልኝ አየሩ ነው። የሜክሲኮው መወዳደሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ከዓመቱ ውድድሮች ሁሉ እንደ እኛ መኪና የሚያቃስቱባት ከተማ ያቺ ብቻ ናት።

ይህንን በየሳምንቱ ጋራዥ ውስጥ አየዋለሁ። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) የሌለው አሮጌ የጭነት መኪና የያዘ ሹፌር ይመጣና "አዋሽ ስወርድ ሌላ መኪና ይሆናል፣ እንጦጦ ስወጣ ግን ይሞትብኛል፤ ፓምፑን ክፈትልኝ" ይላል። ፓምፑ ሲከፈት ናፍጣው ይጨምራል፤ አየሩ ግን ያው ነው። ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ከኋላ ላለው ሕዝብ ይተርፋል። ጋሼ ሁልጊዜ የሚመልሱት አንድ ነው፦ "ናፍጣውንስ ልጨምርልህ፤ አየሩን ከየት ላምጣልህ?"

የውድድር ሞተር ደንብ ታሪክም ለእኔ ይኸው ጥያቄ ነው። ደንብ አውጪዎቹ መጀመሪያ የለኩት የሞተሩን ስፋት ነበር፤ ተራ ሞተር 3 ሊትር፣ አየር በግፊት የሚገባለት 1.5 ሊትር። ለዓመታት ትንሹን የደፈረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሬኖ ቱርቦ ገጥሞ ሲልቨርስቶን ላይ ብቅ አለ። መኪናው እየጨሰ መቆም አበዛ፣ ተሳቀበትም። ነገር ግን 1986 ሲደርስ የቢኤምደብሊው ባለ አራት ሲሊንደር 1.5 ሊትር ሞተር በማጣሪያው ዙር ከ1,300 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣ ነበር። ሊትር መለካት ብቻውን ምንም እንደማይገታ ያኔ ታየ። ቀጥለው ግፊቱን ገደቡት፤ በ1987 4 ባር፣ በ1988 2.5 ባር። በ1989 ቱርቦ ጨርሶ ተከለከለ።

የ1988ቱን የሜክሲኮ ውድድር ለጋሼ ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀምጠው ነው የሰሙኝ። በዚያ ዓመት ቱርቦ ያላቸው ከ3.5 ሊትር ተራ ሞተሮች ጋር አብረው ይሮጡ ነበር፤ ቱርቦዎቹ በግፊትም በነዳጅም ታንቀው ነው የገቡት፣ ለሙሉ ውድድር 150 ሊትር ብቻ። ሜክሲኮ ላይ ግን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት በሙሉ ባለ ቱርቦ ናቸው። ፕሮስት አንደኛ፣ ሴና ሁለተኛ። የ2.5 ባሩ ገደብ ተራራም ላይ ያው 2.5 ባር ነው፤ ቱርቦው ትንሽ ፈጠን ብሎ ይሞላዋል። ተራው ሞተር ግን ሰማዩ የሰጠውን ብቻ ይተነፍሳል። ጋሼ "እንግዲህ የእንጦጦ መኪና ማለት ነዋ!" አሉ።

የድሮውን የቪ10፣ የባለ አሥር ሲሊንደሩን ሞተር፣ ድምፅ የሚናፍቁ ወዳጆች አሉኝ። ድምፁን እኔም እወደዋለሁ። ከሁሉም ደንብ ግን የማከብረው እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣውን ነው፦ 1.6 ሊትር ቪ6 ቱርቦ፣ ነዳጁም በሰዓት ከ100 ኪሎ እንዳያልፍ። ዳንኤል ሪካርዶ በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ውድድር ሜልበርን ላይ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ የነዳጅ ፍሰቱ ከገደቡ አልፏል ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። የፓምፕ ሠራተኛ ለሆነ ሰው ይህ እንዴት ያለ ደንብ ነው! ፓምፑ ለሁሉም እኩል ተዘግቷል፤ የበለጠ ጉልበት የፈለገ ከእያንዳንዷ ጠብታ የበለጠ ማውጣት አለበት። በሰዓት 100 ኪሎ ቤንዚን ሲቃጠል 1,200 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። መርሴዲስ በ2017 ከዚህ ከግማሽ በላዩን ወደ ጉልበት መለወጥ እንደቻለ አስታወቀ፤ በሙከራ ማሽን ላይ ነው፣ ቢሆንም ሞተር ሠሪ ሁሉ ባርኔጣውን የሚያነሳለት ሥራ ነው። 

ያን ያህል የተገኘው ኤም ጂ ዩ ኤች በሚሉት ነገር ጭምር ነው፤ ያቺን ማታም ያስመሸን እሱ ነው። ቱርቦን የፈታ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ዘንግ ነው፣ በአንድ ጫፉ ጭስ የሚያሽከረክረው ተርባይን፣ በሌላው አየር የሚገፋው ኮምፕረሰር። ነዳጅ ስትረግጥ ጭሱ እስኪበረታ ቱርቦው ይዘገያል፤ ሽቅብ ላይ ማርሽ ቀይሮ ልቡ የተሰቀለ ሹፌር ይህችን ቅጽበት ያውቃታል። እነሱ እዚያው ዘንግ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጠሙ። ጭሱ ሲያንስ ኤሌክትሪኩ ዘንጉን ያሽከረክረዋል፤ ጭሱ ሲተርፍ ደግሞ ያው ሞተር ጀኔሬተር ሆኖ ባትሪ ይሞላል። ሜክሲኮ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦው የበለጠ መሽከርከር ግድ ነው፤ ደንቡ እስከ 125,000 ዙር በደቂቃ ይፈቅድለት ነበር። ለባትሪ የሚተርፈው ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ብዙም አይጎድልም።

ከእ.ኤ.አ. 2026 ጀምሮ ይህ ዕቃ ወጥቷል፤ ያቺ ማታ ሜክሲኮ ላይ የመጨረሻው ነበረች። ሌላው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ከጎማው ጋር የተያያዘው፣ ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት አደገ፤ ነዳጁም ከከርሰ ምድር ያልተቀዳ ሆነ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ኤም ጂ ዩ ኤች ውድ ነው፣ አዲስ ገቢ ፋብሪካዎችም ፈሩት። ኦዲ የመጣው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። "ለመንገድ መኪና አይጠቅምም" የሚለውን ግን አልቀበልም። መርሴዲስ ኤኤምጂ የዚህኑ ዓይነት ኤሌክትሪክ ያለው ቱርቦ ለገበያ መኪና አውጥቶታል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ደግሞ 2,350 ሜትር ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ጎጃም በረንዳ ጭነት ሞልቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ ለሚወጣ መኪና፣ ጥቁር ጭስ ሳይተፋ ቶሎ አየር የሚያገኝ ሞተር ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

የዚያችን ማታ ውድድር ላንዶ ኖሪስ ሁሉንም ጥሎ አሸነፈ። ጋሼ መጨረሻው ላይ መኪናውን ሳይሆን ድምፁን ነበር የሚያዳምጡት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ በባዶው አደባባይ በእግራችን ወደ ልደታ ወጣን።

ሰኞ ጠዋት አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ገባ፤ ሹፌሩ ገና ሳይወርድ "ፓምፑን ክፈቱልኝ" አለ። ጋሼ መፍቻ አላነሱም። የአየር ቱቦውን ፈቱና ጣታቸውን አስገብተው የቱርቦውን ዘንግ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁት፤ ይላወሳል። "ና ንካው" አሉኝ። ሹፌሩን የቱርቦ ዕቃ እንዲፈልግ ወደ ሶማሌ ተራ ላኩት፤ ሌላ ቦታ ከፍቶት የመጣውን ፓምፕ ደግሞ እኔ ወደ ልኩ መለስኩት።